አውራውን ማን ያቆየው?

እኛ የቦረና ልጆች ማኅበር የሚባለውን ነገር ከመጽሐፍ አልተማርነውም። ቅሬው ለቅሶ ይደርሳል፣ ዕቁቡ ገንዘብ ያሰባስባል፣ ወንፈሉ አዝመራ ያስገባል። ለመሆኑ ግን በግ ለማርባትም ማኅበር ያስፈልጋል ወይ? በግ የየግል አይደለም እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ገበሬ ሲቸግረው የሚሸጠው የትኛውን ጠቦት ነው? ፈጥኖ ያደገውን፣ ለፋሲካና ለዓረፋ ገበያ ዋጋ የሚያወጣውን። ቤት የሚቀረው ኮሳሳው ነው፤ የከርሞ ግልገሎች አባት የሚሆነውም እሱው። ገበሬው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ግብርና ዕዳ ቀን አይሰጡም። ጥሩውን አውራ ቢያቆይ ኪሣራው የብቻው ነው፤ ግጦሹ የጋራ ስለሆነ ጥቅሙ ግን ለመንደሩ ሁሉ ይዳረሳል። ማኅበር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለው ስሌት ለደጋ ሰው አዲስ አይደለም። ከእኛ በደቡብ ምሥራቅ፣ ከወንጭት ማዶ፣ የመንዝ ጓሣ አለ። የጓሣው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ይሆናል። ለብዙ ዘመን ቄሮ በሚባል ደንብ ተጠብቋል፤ ቄሮው ሲወስን ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። ሆኖም ቄሮውን ዝም ብለን አናወድሰውም። መብቱ የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘር ለሚባሉት ነበር፤ ከዚያ ውጭ የተወለደ ምን ድርሻ ነበረው?

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ቄሮው ፈረሰ፤ ቦታውን ገበሬ ማኅበሩ ወሰደ። የዘር መብት መቅረቱ መልካም ነበር። ግን ኋላ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከላይ በትእዛዝ ተቋቋሙ፤ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኞቹ ወዲያው ተበተኑ። አባላቱ የራሳችን ቢሏቸው ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ይበተኑ ነበር?

የበጉም ጉዳይ ከላይ ተሞክሯል። በ1970ዎቹ አዋሲ የሚባለው ዘር ከእስራኤል መጥቶ ደብረ ብርሃን ላይ ከመንዝ በግ ጋር ተዳቀለ፤ ዲቃላው ግን ወደ ብዙው ገበሬ በረት አልዘለቀም።

በ2001 ዓ.ም. መንገዱ ተለወጠ። ተመራማሪዎች በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር ሥራውን ከአርቢዎቹ ጋር፣ በአገሩ በግ ጀመሩ። መንዝ ውስጥ የተመረጡት መሐል ሜዳና ሞላሌ ናቸው። ግልገሉ ሲወለድ፣ ጡት ሲተውና ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል፣ ይመዘገባል። ከዚያ የአርቢዎቹ ኮሚቴ አውራዎቹን እያየ ይመርጣል። የተመረጠው ጎረቤት ለጎረቤት በጋራ ያገለግላል፤ የቀረው ይኮላሻል ወይም ይሸጣል። የቦንጋ አርቢዎች ማኅበራት እንዲያውም አውራ በግ ለሌላ አካባቢ እስከ መሸጥ ደርሰዋል።

ታዲያ ለእኛ ደጋ ምን እንማር? ቅሬው አለን። በግ የሌለው የሌላውን አርብቶ ግልገል የሚካፈልበት የርቢ ልማድም አለን። ስለዚህ የእኛ አርቢዎች ሲሰባሰቡ ከማኅተምና ከሊቀ መንበር በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ምርጡ ጠቦት ድሀው ቤት ቢገኝ፣ ድሀውም ቸግሮት ወደ ገበያ ሊነዳው ቢነሣ፣ ዋጋውን አዋጥቶ አውራውን የሚያስቀረው ማነው? ይህን በመተዳደሪያ ደንቡ ያልጻፈ ማኅበር፣ ቄሮው በዘር እንደለየው ሁሉ፣ በሀብት መለየቱ አይቀርም።