ቋሚ መኖሪያ ቤትና ሥር የሰደደ ሕመም

በእስራኤል አገር "ዳር ረሆቭ" ማለት በመንገድ ላይ የሚኖር ሰው ማለት ነው። በማኅበራዊ አገልግሎት (ሪቫሃ) አሠራር መሠረት ዳር ረሆቭ የሚባለው ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ ሆኖ በጎዳና፣ በመናፈሻ፣ በተተወ ሕንፃ ወይም ግንባታው ባላለቀ ቤት የሚያድር፣ ራሱን መንከባከብ ያቃተውና ከዘመድ ወዳጅ የተለየ ሰው ነው። ከእኛ ማኅበረሰብ ቤት ያጣው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በመናፈሻ ሳይሆን በዘመድ ሳሎን ነው። እስከ ፋሲካ እኅቱ ዘንድ፣ ከዚያ የአጎቱ ልጅ ዘንድ፣ እዚያም ሲጠብ ሌላ ከተማ ያለ የአገሩ ልጅ ዘንድ፤ ልብሱን በአንድ ሻንጣ፣ መድኃኒቱን በአንድ ፌስታል ይዞ ይዞራል። ይህ ሰው በመዝገብ ቤት አልባ አይባልም። ዘመዶቹም ሲጠየቁ "እኛ ጋ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በተለይ እንዲህ ያለውን ሰው፣ በዚያ ላይ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበትን ነው።

በኢትዮጵያ በነበርንበት ጊዜ ቤት ያጣ ሰው ቢኖር እንጨት ተቆርጦ፣ ሣር ታጭዶ በደቦ ጎጆ ይቀለስለት ነበር። ወንድም በወንድሙ ግቢ አንድ ጎጆ ቢጨምር የሚከለክለው አልነበረም። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ያህል ጊዜ ወደ እስራኤል ሲገባ፣ ብዙው ቤተሰብ በሆቴልና በካራቫን ከቆየ በኋላ በልዩ የቤት መግዣ ብድር (ማሽካንታ) በየከተማው አፓርታማ ገዛ። ሦስት ክፍል ያለው አፓርታማ ስድስትና ሰባት ልጅ ላለው ቤተሰብ ቀድሞውንም ጠባብ ነው፤ ለተጨማሪ ሰው የሚተርፈው ሳሎኑ ብቻ ነው።

ባልና ሚስት ሲለያዩ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ለልጆቹና ለእናታቸው ይቀራል፤ ተገቢም ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ስለ ልጆቹ፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ማሽካንታው ይነጋገራሉ። ሰውየው ከዚያች ማታ ጀምሮ የት እንደሚያድር ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ አልሰማሁም። (ይህን የምለው ሽማግሌዎቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኛ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞችም ሳንጠይቅ ቅጽ ሞልተን የላክንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።)

ወደ እስራኤል ስንገባ የስኳር በሽታ በማኅበረሰባችን ዘንድ እምብዛም የማይታይ ነበር። ምግቡና አኗኗሩ ሲለወጥ ግን በዓመታት ውስጥ በጣም ተስፋፋ። ለዚህ በሽታ ቋሚ ቤት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከኢንሱሊን መጀመር ይቻላል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ መቀመጥ አለበት። በሥራ ላይ ያለው ደግሞ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በማያልፍ ቦታ በአብዛኛው አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። በፔታሕ ቲክቫ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን፣ በሻንጣ ውስጥ የሚዞር ኢንሱሊን ኃይሉን ያጣል። ሰውየው በትክክል እየወጋ ስኳሩ አይወርድም፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን አይወስድም ብሎ ያስባል። "የዘመዱ ቤት ፍሪጅ የለም ወይ?" ትሉ ይሆናል። ፍሪጅስ አለ። ነገር ግን በሰው ቤት ፍሪጅ መክፈት የሚያፍር፣ ሕመሙም እንዲታወቅበት የማይፈልግ ሰው መድኃኒቱን ከሻንጣው አያወጣም።

ምግቡም እንዲሁ ነው። እንግዳ የቀረበለትን ይበላል። ባለቤቲቱ በፍቅር "ብላ እንጂ" እያለች ስትጨምርለት፣ ጉርሻም ሲመጣ፣ "ስኳር አለብኝ፣ እንጀራውን ቀንሽልኝ" ለማለት የሚደፍር ጥቂት ነው።

የደም ግፊትና የልብ ሕመም ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሽንት የሚያበዛ ክኒን ይታዘዝላቸዋል። ቀኑን በመናፈሻ ወይም በአውቶቡስ ጣቢያ የሚያሳልፍ ሰው ሽንት ቤት ስለማያገኝ ክኒኑን ይተወዋል። ሐኪሙ ካልጠየቀ ይህን ራሱ አይናገርም። የስኳር ሕመምተኛ እግር በየቀኑ መታጠብ፣ መድረቅና መታየት አለበት፤ ጫማውን አውልቆ መተኛት ለማይችል ሰው ትንሽ ቁስል ወደ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ለዲያሊሲስ በሰዓቱ መድረስ ይኖርበታል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ከ2003 እስከ 2006 በሁለት ሆስፒታሎች የተኙ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው 407 ቤት የሌላቸው ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ክፍል ማገገሚያ ቦታ፣ ከዚያም ቋሚ ቤትና ጉዳዩን የሚከታተል ሠራተኛ ተሰጠው፤ ሌላው ክፍል በተለመደው መንገድ ከሆስፒታል ተሰናበተ። ለ18 ወራት ተከታትለው በ2009 ባወጡት ውጤት፣ ቤት ያገኙት ሰዎች ሆስፒታል መተኛታቸው በ29 በመቶ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል (ሚዩን) መምጣታቸው በ24 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በአጥኚዎቹ ስሌት ለ100 ሰዎች እንዲህ ቢደረግ በአንድ ዓመት 270 የሆስፒታል ቀናት ይድናሉ።

ነገሩን ግን ከልክ በላይ ማጋነን አይገባም። በካናዳ በአምስት ከተሞች ከ2009 እስከ 2013 ከ2,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ሰዎቹ በቤታቸው ጸንተው እንደሚኖሩ በግልጽ ቢያሳይም፣ በጤናቸው ላይ የታየው ልዩነት ያን ያህል አልነበረም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎችም በ2018 ባወጡት ሪፖርት፣ ከኤችአይቪ በስተቀር በሌሎች ሕመሞች ላይ ያለው ማስረጃ ገና በቂ አይደለም ብለዋል። እኔ በሥራዬ ካየሁት የምለው፣ ቁልፍ ብቻ ሰጥቶ መሄድ አይበቃም። ለዓመታት ከሰው ሳሎን ሳሎን የዞረ ሰው ብቻውን ሲዘጋበት ይጨነቃል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በሩን አንኳክቶ "መድኃኒቱን ወሰድክ ወይ? ወረቀት መጣልህ ወይ?" የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

በሕግ በኩል በ1995 ሥራ ላይ በዋለው የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ መሠረት ማንኛውም የእስራኤል ነዋሪ ቤት ቢኖረውም ባይኖረውም የኩፓት ሆሊም አባል የመሆን መብት አለው። ችግሩ በቤት በኩል ነው። እንደ አሚዳር ባሉ ኩባንያዎች የሚተዳደረው የመንግሥት ቤት በዋናነት የሚሰጠው ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆች ላሏቸው ችግረኛ ቤተሰቦችና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ነው። ብቻውን ያለ፣ ሕመሙ ከውጭ የማይታይ ሰው በዚህ በር አይገባም። የኪራይ ድጋፍ ደግሞ የሚከፈለው የኪራይ ውል ላለው ነው፤ ውል ለመፈራረም ገንዘብ ያስፈልጋል። ሞሼ ሲልማን የተባለው ሰው በስትሮክ ከተመታ በኋላ የመንግሥት ቤት ጠይቆ ተከልክሎ ነበር፤ በሐምሌ 2012 በቴል አቪቭ በተቃውሞ ሰልፍ ላይ ራሱን ጎድቶ ከቀናት በኋላ ሕይወቱ ሲያልፍ ይህ ክፍተት በአገሩ ሁሉ መነጋገሪያ ሆኗል።

በሪቫሃ ዳር ረሆቭ ተብሎ የታወቀ ሰው ግን ከፍ ያለ የኪራይ ድጋፍና የቢቱዋሕ ለኡሚ የገቢ ማሟያ ለመጠየቅ መንገድ ይከፈትለታል። በመሆኑም ዘመዶች ወደ ከተማው ማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ስትሄዱ "እኛ ጋ ይኖራል" ብላችሁ አትመልሱ። ከመቼ ጀምሮ በሳሎን እንደሚተኛ፣ ከዚያ በፊት የት የት እንደነበረ፣ እናንተ ዘንድ እስከ መቼ መቆየት እንደሚችል እውነቱን ተናገሩ። ይህን መናገር ዘመድን ማባረር አይደለም። የሐኪሙን ደብዳቤና የመድኃኒቱን ዝርዝር ያዙ። የክፍሉን አድራሻ ለማግኘት በማዘጋጃ ቤቱ ስልክ 106 ወይም በማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ስልክ 118 መጠየቅ ይቻላል።

ሰውየው በይሊንሶን ወይም ሃሻሮን ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ (ሁለቱም በራቢን ሕክምና ማዕከል ሥር ናቸው) የመሰናበቻ ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት የሆስፒታሉን የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ጠይቁ። ከተሰናበተ በኋላ የሚደረግ ጥያቄ በጣም ይዘገያል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች ይዘነጉታል፤ የፖስታ አድራሻውን። በመታወቂያው ላይ ያለው አድራሻ የቀድሞ ሚስቱ ቤት ከሆነ፣ የቢቱዋሕ ለኡሚ የሐኪሞች ኮሚቴ ጥሪም የኩፓት ሆሊም ቀጠሮም ወደዚያው ይሄዳል። ጥሪው ሳይደርሰው ኮሚቴው ያልፋል፣ ድጎማውም ሊቋረጥ ይችላል። ደብዳቤ የሚቀበልለት አንድ የታመነ ዘመድ መርጦ አድራሻውን በአገር ግዛት ሚኒስቴር፣ በኩፓት ሆሊምና በቢቱዋሕ ለኡሚ (ስልክ *6050) ማስለወጥ ያስፈልጋል።