ኮሶና ኪኒን፤ የሆድ ሕመምና የሕክምናው ታሪክ ከጎንደር እስከ ሐዋሳ

በአማርኛ ሆድ የምግብ ማደሪያ ብቻ አይደለም። ምሥጢርም፣ ቂምም፣ ፍቅርም በሆድ ይቀመጣሉ። ያዘነለት ሰው አንጀቱ ራራ ይባላል፤ ቻይ የሆነው ሆደ ሰፊ፣ ጥቂት ነገር የሚከፋው ደግሞ ሆደ ባሻ ይሰኛል። ሕዝባችን ስለ ሆድ ይህን ያህል ሲናገር ኖሮ፣ በሆድ ውስጥ የሚከናወነውን ሥራ በዐይኑ የሚያይበት መስኮት ግን አልነበረውም። ለብዙ መቶ ዓመታት የተከፈተችው ጠባብ መስኮት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርስዋም ኮሶ ናት።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኮሶን ታሪክ ከምግብ መፍጨት ሥርዓት ዕውቀት ጋር አዛምዶ መመልከትና፣ ከዚያ ታሪክ ዛሬ በሐዋሳና በአካባቢዋ ለምንሠራው ሥራ የሚሆን ትምህርት መቅሰም ነው። የምንከራከርበትም ነጥብ አጭር ነው፤ ይኸውም ቅርብና ርካሽ የሆነ መድኃኒት ለበሽተኛው በረከት ሲሆን፣ የበሽታውን መንገድ ከመጠየቅ የሚያዘናጋ ከሆነ ግን ለኅብረተሰቡ ዕዳ ይሆናል የሚል ነው።

የአንድ ጉርሻ ጉዞ

ለባልደረቦቻችን አዲስ ባይሆንም፣ ነገሩን ለማያያዝ ያህል አንድ ጉርሻ ዋሳ ከአንድ ቁራጭ ሥጋ ጋር በሲዳማ ገበታ ላይ እንደ ቀረበ እናስብ። ጥርስ ይፈጨዋል፤ ምራቅ የእንሰቱን ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል። በጉሮሮ አልፎ ጨጓራ ሲደርስ፣ ኃይለኛው አሲድና ፔፕሲን የተባለው ቀማሚ የሥጋውን ፕሮቲን ያላላሉ። ከዚያም ወደ ቀጭኑ አንጀት ይወርዳል፤ በዚያም ከጉበት የመነጨው ሐሞት ቅባቱን ይበታትነዋል፣ ከቆሽት የሚፈስሰው ጭማቂም የቀረውን ይሰባብራል። ስድስት ሜትር ያህል በሚረዝመው በዚህ አንጀት ግድግዳ ላይ ያሉ እጅግ ደቃቅ ጣት መሰል ጉጦች ምግቡን ወደ ደም ያሳልፉታል። ትልቁ አንጀት ውሃውን መጥጦ የቀረውን ያስወጣል።

ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ጨጓራ ምግብን የሚያደቅቀው እንደ ወፍጮ ነው፣ እንደ ጠላ ጋን ያፈላዋል፣ ወይስ በጭማቂ ያሟሟዋል በሚለው ላይ የአውሮፓ ሊቃውንት ለረጅም ዘመን ተከራክረዋል። ክርክሩን ወደ ፍጻሜ ካቀረቡት አንዱ ዊልያም ቦሞንት የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሠራዊት ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት በጥይት ተመትቶ ሲድን፣ ከጨጓራው ወደ ውጭ የሚያሳይ ቀዳዳ ሳይደፈን ቀረ። ቦሞንት በክር የታሰረ ሥጋ በቀዳዳው እያስገባና እያወጣ፣ ጭማቂውንም እየቀዳ ለዓመታት ተመራመረና ውጤቱን በ1833 አሳተመ። ጨጓራ በኬሚካል ኃይል የሚሠራ መሆኑ ከዚያ ወዲህ በግልጽ ታወቀ።

ቦሞንት ያን ቀዳዳ በሚመለከትበት ጊዜ አገራችን በዘመነ መሳፍንት ላይ ነበረች። የእኛ ሰዎች ደግሞ በየሁለት ወሩ ገደማ ከሆዳቸው የሚወጣውን ነጭና ረጅም ትል ይመለከቱ ነበር።

ኮሶ በታሪክ

የኮሶ ዛፍ በኢትዮጵያ ደጋዎች የሚበቅል፣ ኦሮሞዎች ሔቶ የሚሉት፣ አበባው እንደ ዘለላ የሚንጠለጠል ትልቅ ዛፍ ነው። ለመድኃኒትነት የሚመረጠው ቀላ ያለው የሴቴው ዛፍ አበባ ነው። አበባው ደርቆ ይፈጫል፤ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። የመረረ ነው፤ ያቅለሸልሻል፤ ያስቀምጣልም። ሆኖም ብዙ ጊዜ ትሉን ያወጣል። ከኮሶ ሌላ እንቆቆ፣ መተሬና ቀጨሞ ለዚሁ ተግባር ይውሉ ነበር።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ በኢትዮጵያ በቆየበትና በጎንደር ቤተ መንግሥት በተመላለሰበት ጊዜ ኮሶን አይቶ ሥዕሉን አስነሣ፤ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ለአውሮፓ አስተዋወቀው። እርሱ በወዳጁ በእንግሊዛዊው የዕፀዋት ሊቅ በባንክስ ስም ጠራው፤ በ1791 ግን ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ፣ የአገሩን ሰው የመድኃኒት ቀማሚውን ሐገንን ለማክበር ሐጌኒያ አቢሲኒካ ብሎ ሰየመው። ስሙ እስከ ዛሬ ይህ ነው። ዛፉን ለይተው መጠኑን ወስነው ያስተማሩት የአገሬው ሰዎች ግን በስሙ ውስጥ የሚታወሱት በአገራቸው መጠሪያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ብራዬር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ ሲሠራ የኮሶን ፈዋሽነት አይቶ ወሬውን ፓሪስ አደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1864ም ኮሶ በብሪታንያ የመድኃኒቶች መዝገብ ገባ። ነገር ግን የደረቀው አበባ በረጅሙ የባሕር መንገድ ኃይሉን እያጣ ስለሚሄድ፣ በአውሮፓ የነበረው ዝና ብዙ አልዘለቀም።

በአገር ውስጥ ግን ኮሶ የኑሮ ሥርዓት ሆነ። ኮሶ የጠጣ ሰው ከሥራም ከእንግዳም ነፃ ነበር፤ ጌታውም አሽከሩም በዚያ ቀን እኩል ዕረፍት ያገኙ ነበር። አበባውን በገበያ መሸጥ የድኻ ሴቶች ሥራ ስለ ነበረ፣ ዐፄ ቴዎድሮስን ዝቅ ለማድረግ የፈለጉ ሁሉ እናቱ ኮሶ ሻጭ ነበረች ይሉ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ከዚህ የምንረዳው አንድ እንግዳ ነገር አለ፤ መኳንንቱ ያለ ኮሶ ለመኖር አይችሉም ነበር፣ ኮሶ ሻጭዋን ግን ይንቁ ነበር። የጤና አገልግሎት ሠራተኛ በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚሰጠው ክብር ከሚሰጠው ጥቅም ጋር አለመመጣጠኑ የቆየ ነገር ነው።

የኮሶ ጉዳትም ሊሸሸግ አይገባም። መጠኑ ሲበዛ ዐይን ያጠፋል፣ ፅንስ ያስወርዳል፣ ሕይወትም ቀጥፏል። በአገራችን የሠሩ ሐኪሞች በኮሶ ምክንያት ዐይናቸው የጠፋ በሽተኞችን በሕክምና ጽሑፎች መዝግበዋል።

የሁለት ወሩ ምሥጢር

ኮሶ ለምን በየሁለት ወሩ ይጠጣ ነበር? ልማድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ የትሉ ጠባይ ግን የተሻለ መልስ ይሰጣል። ከከብት ሥጋ የሚገኘው የኮሶ ትል ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሜትር ይረዝማል፤ ከ1,000 የሚበልጡ ቁርጥራጮች አሉት። የራሱ አፍና አንጀት የለውም፤ እኛ የፈጨነውን ምግብ በቆዳው ይመጥጣል። በአጭሩ የእኛን የምግብ መፍጨት ሥርዓት እንደ ራሱ አድርጎ የሚጠቀም ፍጥረት ነው። መድኃኒቱ አካሉን አስወጥቶ ራሱን ከአንጀቱ ግድግዳ ሳይነቅለው ከቀረ፣ ትሉ እንደ ገና ያድግና ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ቁርጥራጮቹ ዳግመኛ ይታያሉ። አዲስ እጭ ለተዋጠበት ሰውም ጊዜው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። እንግዲህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ማጉሊያ መነጽር ሳይኖራቸው የትሉን የዕድሜ ሂሳብ በሚገባ ይዘው ነበር ለማለት እንደፍራለን።

ያልያዙት የትሉን መንገድ ነው፤ በዚህም ብቻቸውን አልነበሩም። ጥሬ ሥጋ በሚበሉ ሰዎች ዘንድ ትሉ እንደሚበዛ የውጭ ተጓዦች አስተውለዋል፤ ማስረጃው የተገኘው ግን ጀርመናዊው ሊቅ ሎይካርት እ.ኤ.አ. በ1861 የትሉን ቁርጥራጮች ለጥጆች አብልቶ በሥጋቸው ውስጥ እጩን ባገኘ ጊዜ ነው። ዙሩ እንዲህ ነው፦ በሜዳ የተጸዳዳ ሰው የትሉን ዕንቁላል ሣር ላይ ይጥላል፤ ከብት ይግጠዋል፤ እጩ በከብቱ ሥጋ ውስጥ የውሃ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል፤ ሰው ሥጋውን በጥሬው ይበላዋል። ብዙ ተሕዋስያንን የሚገድለው የጨጓራችን አሲድ የእጩን ከረጢት ያሟሟለታል፤ ሐሞቱ ደግሞ ራሱን እንዲያወጣ ይቀሰቅሰዋል። የመፍጨት ሥርዓታችን ጠላቱን በገዛ እጁ ከእንቅልፉ ያነሣዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ዙሩ የሚቆረጥባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፤ መጸዳጃ፣ ቄራና ድስት። ኮሶ ግን ከሦስቱ አንዱንም አይነካም። ከዚህም በላይ፣ ኮሶ የጠጣ ሰው ትሉን ከነዕንቁላሉ በጓሮ ስለሚያስወጣ፣ የፈውሱ ቀን ለሚቀጥለው ከብት የመዘራት ቀን ነበር። መድኃኒቱ በየደጁ ስለ ነበረ ሥጋው አልተጠየቀም፣ ሜዳውም አልተጠየቀም።

ሐዋሳ

ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች፣ በኋላም ከይርጋለም ቀጥላ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ የሆነች፣ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮም የሲዳማ ክልል መዲና የሆነች ከተማ ናት። በ1968 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጅ ተቋቋመባት፤ በ1998 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከሐይቅ ዳር መንደርነት ወደ ትልቅ ከተማነት ስታድግ፣ የሆድ ሕመም ታሪካችንም በአንድ ስፍራ ተሰብስቦባታል።

በመጀመሪያ ሥጋው አለ። ከረጅም ጾም በኋላ የሚቀርበው ቁርጥና ክትፎ የበዓል፣ የወዳጅነትና የክብር ምልክት ነው፤ ይህን በንቀት የሚናገር የጤና ሠራተኛ ሰሚ አያገኝም። ነገር ግን በከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ቄራ የተደረጉ ጥናቶች በታረዱ ከብቶች ውስጥ የትሉን እጭ አግኝተዋል። መርማሪው ልብን፣ ምላስን፣ የመንጋጋንና የትከሻን ሥጋ ሰንጥቆ ያያል፤ እጁ ያልደረሰበት ሥጋ ግን ሳይታይ ያልፋል፤ በየግቢው የሚታረደው ከብት ደግሞ ጭራሹን አይመረመርም።

ሁለተኛ ሐይቁ አለ። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶ በጥሬው በዳጣ ይበላል። በሐይቁ ዓሦች ውስጥ የጥገኛ ትሎች እጮች መገኘታቸው በተመራማሪዎች ተመዝግቧል። ሐይቁ ከጥቁር ውሃ ወንዝ ውሃ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚታይ መውጫ የለውም፤ ጎርፍ ከከተማው ያመጣውን ይዞ ይቀመጣል። በዓሣ አጥማጆችም ላይ አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው የቢልሃርዚያ በሽታ ተገኝቷል።

ቢልሃርዚያ ሲነሣ ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ እንዶድም በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጠ። በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ። ኮሶና እንዶድ ሁለቱም የአገራችን ዕፀዋት ናቸው፤ ልዩነታቸው በጥያቄው ላይ ነው። በኮሶ የተጠየቀው ትሉ እንዴት ይውጣ የሚለው ሲሆን፣ በእንዶድ የተጠየቀው በሽታው በየት በኩል ይመጣል የሚለው ነው።

ጨጓራና ኪኒን

ዛሬ ኮሶ ከከተማ ገበታ ርቋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወጣው ኒክሎሳማይድ፣ ከዚያም ፕራዚኳንቴል የኮሶን መራራነትና አደጋ አስቀርተውልናል። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ ዘመቻም ለተማሪዎች የወስፋትና የሌሎች የአንጀት ትሎች መድኃኒት ያድላል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ዳሩ ግን መጸዳጃና ንጹሕ ውሃ በሌለበት ትምህርት ቤት ኪኒኑን የዋጠው ልጅ ከወራት በኋላ ትሉን መልሶ ያገኘዋል። ዓመታዊው ኪኒን የዘመኑ ኮሶ እንዳይሆን መሥጋት ይገባል።

የጨጓራ ሕመምም እንዲሁ ነው። ሰዉ ሁሉ ጨጓራ አለብኝ ይላል፤ ጭንቀትንና በርበሬን ይከሳል። ሆኖም ዋረንና ማርሻል የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 በጨጓራ ውስጥ የሚኖረውን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ አሳድገው አሳዩ፤ ብዙው የጨጓራና የአንጀት ቁስለትም ከእርሱ የሚመጣ መሆኑ ታወቀና በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በአገራችን በተደረጉ ጥናቶች ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያው ተገኝቶባቸዋል። መድኃኒቱ አሲድ ቀናሽና ፀረ ተሕዋስያን በአንድነት በሙሉ መጠንና ጊዜ ሲወሰዱ ይፈውሳል። ያለ ምርመራ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ በግማሽ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ሕመሙ ለጊዜው ይሸፈናል፣ ዋናው ነገር ይቀራል። ክብደት መቀነስ፣ ደም ማስታወክ፣ የጠቆረ ሰገራና ለመዋጥ መቸገር በአሲድ ቀናሽ ሲሸፈኑ ካንሰር ሥር እስኪሰድድ ጊዜ ያገኛል።

ማጠቃለያ

በ1947 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንንን፣ የኅብረተሰብ ነርስንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያን በአንድነት ለማሠልጠን ሲነሣ፣ ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ አንዱ ያክማል፣ አንዱ ቤት ለቤት ያስተምራል፣ አንዱ መጸዳጃና ምንጭ ይሠራል። ይህ ሐሳብ ከኮሶ ዘመን የወጣንበት በር ነው። የሐዋሳ ባለሙያዎችም በዚያው በር ገብተው መሥራት ይጠበቅባቸዋል፤ በቄራ የሚመረምረው የእንስሳት ሐኪም፣ በላቦራቶሪ ሰገራ የሚያየው ቴክኒሺያንና በቀበሌ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የአንድ በሽታን ሦስት ጫፍ ይዘዋልና፣ የሚያዩትን ሊነጋገሩበት ይገባል።

ጥሬ ሥጋን ከባህላችን ማጥፋት አንችል ይሆናል፤ ምናልባትም አያስፈልግ ይሆናል። የተመረመረ፣ ወይም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ለ10 ቀን የቀዘቀዘ ሥጋ ለገበታው ማቅረብ ግን ከአቅማችን በላይ አይደለም። የሆድ ሕመምተኛ ፊታችን በቀረበ ቁጥር ኪኒኑን ከመጻፋችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ሥጋውና ዓሣው ከየት መጣ? የሚጠጣው ውሃ ከየት ይቀዳል? የሚጸዳዳው የት ነው? መልሱ በካርዱ ላይ ከተጻፈና ለሚመለከተው ክፍል ከደረሰ፣ ኮሶ ለዘመናት ያልነካቸውን ሦስቱን ቦታዎች መንካት ጀመርን ማለት ነው።