የሃያ አንድ ስሌትና የአየር ጤና ውርርድ

የዕድል ሒሳብ ከቁማር ጠረጴዛ ተወለደ ቢባል ለሙያው ነውር አይሆንበትም። ፓስካልና ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1654 ደብዳቤ የተጻጻፉት፣ ጨዋታ ሳያልቅ ቢቋረጥ የተያዘው ገንዘብ ለተጫዋቾቹ እንዴት ይከፈል በሚል ጥያቄ ነበር። ብላክጃክ ወይም ሃያ አንድ የተባለው የካርታ ጨዋታ ግን በወጉ የተሰላው ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ዘግይቶ ነው።

ስሌቱን የሠሩት በሜሪላንድ፣ አበርዲን በሚገኘው የጦር መሣሪያ መሞከሪያ ሠፈር ያገለግሉ የነበሩት ባልድዊን፣ ካንቲ፣ ማይዝልና ማክደርሞት ናቸው። በጠረጴዛ ማስሊያ መኪና የደረሱበትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት አወጡ። የቤቱ ብልጫ ካርታ አዳዩ የተሻለ ካርታ ስለሚደርሰው የሚመጣ አይደለም፤ ተጫዋቹ ቀድሞ ስለሚስብ ነው። ከ21 ያለፈ ተጫዋች ገንዘቡን ወዲያው ያጣል፤ አዳዩ በኋላ ቢያልፍም አይመለስለትም። ተጫዋቹ እንደ አዳዩ እስከ 17 እየሳበ ቢጫወት፣ እያንዳንዳቸው ከመቶ 28 ጊዜ ያህል ያልፋሉ፤ ሁለቱም የሚያልፉበት፣ ከመቶ 8 ገደማ፣ ሁሉ የቤቱ ነው። በሁለት ካርታ 21 ለሞላ የሚከፈለው ጭማሪ ጥቂቱን ቢያካክስም፣ ከመቶ ከ5 በላይ ኪሣራ ይቀራል። አራቱ ወታደሮች በአጨዋወት ብልሃት ብቻ ይህን ከመቶ አንድ በታች አወረዱት።

ከዚያም ኤድዋርድ ቶርፕ፣ በአይቢኤም 704 ኮምፒዩተር እያሰላ፣ አራቱም አምስት ቁጥሮች ከወጡ ብልጫው ወደ ተጫዋቹ እንደሚዞር፣ ከመቶም ከ3 እንደሚበልጥ አሳየ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1962 ታተመ። ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ የወጣ ካርታ ዳግመኛ እስኪበወዝ ድረስ ስለማይመለስ ያለፈው መጪውን ይለውጠዋል።

በአገራችን የለመድነው ዕጣ ከዚህ ይለያል። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ባለፈው የወጣን ቁጥር የሚሸሽ ገዢ አልጠፋም፤ የዕጣው ቁጥሮች ግን በየጊዜው ወደ ማሽከርከሪያው ይመለሳሉ፣ ያለፈውንም አያስታውሱም። በ2010ሮቹ ዓመታት የስፖርት ውርርድ ቤቶች በአዲስ አበባ ሲበዙ፣ ይኸው ስሕተት አየር ጤናን ወደመሰሉ ሠፈሮች በሌላ መልክ ገባ። አምስት ጊዜ የተበላ ወጣት ስድስተኛው የግድ ይደርሰኛል ይላል፤ የቶርፕ ሒሳብ ግን ለእርሱ አይሠራም።

የከፋው ግን በአንድ ቲኬት ብዙ ግጥሚያ መደርደሩ ነው። እኩል ዕድል ላለው ውርርድ 1.90 የሚከፍል ቤት በአማካይ ከመቶ ብር 95ቱን ይመልሳል፤ ይህ ቅናሽ ነው ሊባል ይችላል። አሥር ግጥሚያ ሲደረደር ግን 0.95 አሥር ጊዜ በራሱ ይባዛል። ከአየር ጤና ታክሲ መቆሚያ ገባ ብሎ 10 ብር ያስያዘ ወጣት በቲኬቱ ላይ የሚያየው፣ ግብር ሳይቆጠር፣ 6,131 ብር ነው። የማግኘት ዕድሉ ከ1,024 አንድ ነው፤ የቲኬቱም ትክክለኛ ዋጋ ገና ከመስኮቱ ሳይርቅ ስድስት ብር አይሞላም።