ነፃ ያልወጣው ነፃ አውጪ
የህንድ ወታደር በእኛ ተራሮች ላይ

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ግምጃ ቤት ወላጆቼ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት እንደ ተሰበሰበ ወሬው ወደ ጣሊያን ዘመን ዞረ። እኔም የተማረ ልጅ ተብዬ ዝም ማለት አላምር ስላለኝ፣ ከረን ላይ የጣሊያንን ምሽግ የሰበረው እግረኛ ጦር በአብዛኛው ህንዳዊ እንደ ነበረ ተናገርኩ። አንድ ሽማግሌ ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣

«ልጄ፣ ያን ጊዜ ህንድ ራሷ በእንግሊዝ እጅ አልነበረችም እንዴ?» አሉኝ።

«ነበረች» አልኩ።

«ታዲያ ራሱ ያልተፈታ ሰው ሌላውን እንዴት አድርጎ ይፈታል?»

ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን መልስ አጣሁ። ይህን ጽሑፍ ለመጫጫር ያነሳሳኝ ያ ጥያቄ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።)

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። እንግሊዝ ህንድን የያዘችው በአንድ ዘመቻ አይደለም። መጀመሪያ የመጣው ነጋዴ ነው። በ1593 የተቋቋመው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ቅመምና ጨርቅ ልገዛ ብሎ ገባ፤ በ1749 ፕላሲ ላይ ድል ካደረገና ቤንጋልን በእጁ ካስገባ በኋላ ግን ቀረጥ ሰብሳቢም፣ ዳኛም፣ የጦር አዝማችም ሆኖ ቁጭ አለ። ጦሩ ደግሞ ሲፖይ የሚባል፣ ከአገሬው የተመለመለ ነበር። ስለዚህ ህንድ የተያዘችው በህንዶች ትከሻ፣ ወጪውም የተሸፈነው በህንድ ገበሬ ግብር ነው። በሬን በገዛ ቆዳው ጠፍር ጠምዶ ማረስ ይሏል ይሄ ነው! በ1849 ሲፖዮቹ ራሳቸው አመፁ። አመፁ በደም ተደመሰሰ፤ ኩባንያውም ተሽሮ ህንድ በቀጥታ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ዋለች።

ከዚያ አመፅ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ይኸው ጦር የእኛን በር አንኳኳ። ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን አስለቅቃለሁ ብሎ ጄኔራል ናፒየር ከቦምቤይ ተነሥቶ ዙላ ላይ ወረደ። የእንግሊዝና የህንድ ወታደሩ 13,000 ያህል ነበር፤ ጓዝ ጠባቂው፣ ጫኙና አገልጋዩ ከወታደሩ ይበልጥ ነበር። ከባዱን መድፍ የተሸከሙት 44 የህንድ ዝሆኖች ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሡም እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። ዘውዱና የብራና መጻሕፍቱ ተዘርፈው ተጫኑ።

ይህን ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ሰምተነዋል። ብዙዎቻችን ያልሰማነው ሂሳቡን ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የዘማቹን የህንድ ጦር መደበኛ ደመወዝ ህንድ ትክፈል ብሎ ወሰነ። የጥጥ ገበሬው መቅደላ የት እንዳለች ሳያውቅ፣ ለመቅደላ ከፈለ ማለት ነው። ገንዘቡ የወጣው ከህንድ ግምጃ ቤት ነው። የከተማዬ ስም እዚህ ታሪክ ውስጥ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር!

ነገሩን ግን ዝም ብሎ ያላሳለፈው ሰው ነበር። በኅዳር 1860፣ ዘመቻው ገና ሳያልቅ፣ ዳዳባይ ናውሮጂ የተባለ የቦምቤይ ሰው ለንደን ላይ ስለ ሐበሻው ጦርነት ወጪ ጽሑፍ አቅርቦ፣ ይህን ዕዳ ህንድ ልትሸከም አይገባትም ሲል ተከራከረ። ይህ ሰው በኋላ በ1878 ከተቋቋመው የህንድ ብሔራዊ ኮንግረስ መሥራቾች አንዱ ሆነ፤ በ1884 ደግሞ ለእንግሊዝ ፓርላማ ከተመረጡት ህንዶች የመጀመሪያው ነው። የህንድ ሀብት በየዓመቱ ወደ እንግሊዝ እየፈሰሰ አገሪቱን ያደኸያል የሚለውን ትምህርቱን ዕድሜውን ሙሉ አስተማረ። እንግዲህ ዝሆኖቹ ዐለታችንን በሚወጡበት ሰሞን፣ የዝሆኖቹን ቀለብ ማን ይከፍላል ብሎ የሚጠይቅ አእምሮ በህንድ ተወልዶ ነበር።

ኮንግረስ መጀመሪያ ላይ የለማኝ ማኅበር ይመስል ነበር፤ በትሕትና ማመልከቻ ይጽፋል፣ መልስ ይጠብቃል። ሚያዝያ 5 ቀን 1911 ግን አምሪትሳር ውስጥ ጃልያንዋላ ባግ በተባለ በግንብ የታጠረ ሜዳ ላይ ጄኔራል ዳየር ባልታጠቀ ሕዝብ ላይ 1,650 ጥይት አስተኮሰ። መንግሥት ያመነው 379 ሟች ነው፤ ህንዶች ከ1,000 በላይ ይላሉ። ምላጭ የሳቡት ወታደሮች እንግሊዞች አልነበሩም፤ ከህንድና ከኔፓል የተመለመሉ ነበሩ። በሬው፣ ጠፍሩ፣ ያው ነው።

ጋንዲ የገባው ይህ ነው፤ ጠፍሩ ካልተፈታ ሞፈሩን መስበር ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ሕዝቡን አትተባበሩ አለ። በመጋቢት 1922 ከሳባርማቲ ተነሥቶ 24 ቀን በእግሩ ተጉዞ ዳንዲ የባሕር ዳርቻ ደረሰና፣ መንግሥት በሞኖፖል የያዘውንና ቀረጥ የጣለበትን ጨው ከመሬት አነሣ። አንድ እፍኝ ጨው ግዛት ያናውጣል ወይ? አሞሌ ጨው ከአፋር ሜዳ ተጭኖ እስከ ጎጃም ገበያ እንደ ገንዘብ ሲሠራበት ለኖረ አገር ልጅ፣ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ጨው የሌለበት ጎጆ የለም፤ የጨው ቀረጥም የማይነካው ድሃ የለም።

ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ስትወረን ዓለም ፊቱን አዞረ። ኔህሩ ግን በዚያው ዓመት፣ የባለቤቱን ሐዘን ተሸክሞ ከአውሮፓ ሲመለስ፣ ሮማ ላይ ሙሶሊኒ ላነጋግርህ ቢለው እምቢ ብሎ አለፈ። በ1931 መጨረሻ ጦርነቱ ሲፈነዳ የእንግሊዙ እንደራሴ አንድም ህንዳዊ ሳያማክር ህንድን ጦርነት ውስጥ ከተታት።

በ1933 አራተኛውና አምስተኛው የህንድ ክፍለ ጦሮች ከሱዳን ተነሥተው የገቡት በዚህ ሁኔታ ነው። ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ወጣት መኮንን 15 የፈንጂ ወረዳዎችን ጠርጎ መንገድ ከፈተ። ከረን ላይ ሪችፓል ራም የተባለው ሱበዳር ተራራ ሲወጣ ወደቀ። ሁለቱም ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለሙ፤ የሟቹ ሽልማት ለቤተሰቡ ደረሰ። ከረን መጋቢት 18 ቀን ስትያዝ ከአጥቂው ወገን ከ500 በላይ ሞተው ከ3,000 በላይ ቆስለው ነበር። ልብ በሉ፦ ይህ ሁሉ ሲሆን ሙሶሊኒን እምቢ ያለው ኔህሩ በእንግሊዝ እስር ቤት ተቀምጧል!

በእኛ በኩልስ? ንጉሠ ነገሥቱና ዊንጌት በበላያ በኩል ሲገቡ ከእነርሱ ጋር የነበረው የሱዳን ሻለቃም የቅኝ ግዛት ልጅ ነው። ሆኖም ጣሊያን በየካቲት ወር ዳንግላንና እንጅባራን ለቅቆ የወጣው የመጣበትን ጥቂት ጦር ብቻ ፈርቶ አይደለም። እነደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና እነደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን የመሳሰሉ አርበኞች፣ ስማቸው ያልተጻፈ የአገው ገበሬዎችም ጭምር፣ ዓመታት ሙሉ እንቅልፍ ነሥተውት ስለ ነበረ ነው።

ከድሉ በኋላ የሆነውን ደግሞ እዩ። እንግሊዝ እኛን ነፃ እንደ ወጣ አገር ሳይሆን ከጠላት እንደ ተማረከ መሬት ልታስተዳድረን ሞከረች፤ ኦጋዴንን ለመልቀቅም ዓመታት ፈጀባት። ህንድ ውስጥ ከከረን ሁለት ዓመት በኋላ የቤንጋል ረሃብ ወደ 3 ሚሊዮን የሚገመት ሰው ጨረሰ። ልጁ ለሌላው ነፃነት ይዋጋል፣ እናቱ በሩዝ እጦት ትሞታለች። በየካቲት 1938 የቦምቤይ መርከበኞች ሲያምፁ ግን እንግሊዝ አንድ ነገር ገባት፦ ጠፍሩ ሊበጠስ ነው። ነሐሴ 9 ቀን 1939 ህንድ ነፃ ወጣች፤ በዚያው ሰሞን ለሁለት ተከፈለች። አገሩን አይቶት የማያውቅ አንድ የለንደን ጠበቃ በአምስት ሳምንት ባሰመረው ድንበር ሳቢያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ተፈናቀለ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን አረደ። ወገን በሃይማኖት ተቆጥሮ ሲከፋፈል የሚመጣውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ ልመለስ። ህንዳዊው ወታደር ነፃ ሊያወጣን አልመጣም፤ ታዝዞ መጣ፣ ደመወዝ ፍለጋ መጣ። በ1860 ሊያዋርደን፣ በ1933 ሊያግዘን፣ ሁለቱንም ጊዜ በሌላ ሰው ትእዛዝ። ስለዚህ አባባ፣ ያልተፈታ ሰው ሌላውን አይፈታም፤ የአሳሪውን ክንድ ግን ሊሰብር ይችላል። ቀሪውን ገመድ ታሳሪው ራሱ ይፈታል። የእኛም የህንዶችም ታሪክ ይህንኑ ይናገራል።

ይህ ማለት ግን ውለታው ይረሳ ማለት አይደለም። በዊንጌት ስም አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ቆሟል። ከረን ላይ አስከሬናቸው የተቃጠለው የህንድ ወታደሮች መታሰቢያ ዛሬም አለ፤ ሪችፓል ራም የሚለውን ስም ግን ከመካከላችን ስንቶቻችን ሰምተናል?

በሚቀጥለው ዕረፍት ይህን መልስ ይዤ ግምጃ ቤት እሄዳለሁ፤ ሽማግሌው በሕይወት ይቆዩኝ። እናንተም ወደየቀያችሁ ስትሄዱ እርሳስና ወረቀት ያዙ። የሚያውቁት ሰዎች እያለቁ ነው።