የበርበሬው ገበያና ከሩቅ የመጣው ሕግ

ጥቅምት አልፎ በርበሬ ሲደርስ የመስቃንና የማረቆ ደጃፍ በዛላ ይቀላል። ደርቆ ቡታጅራ ገበያ ሲወጣ ግን ዋጋውን የሚቆርጠው ያመረተው ገበሬ አይደለም። ደላላው መርካቶ ደውሎ በርበሬ ተራ ስንት እንደዋለ ይጠይቃል፤ ከዚያ ላይ የመኪናውን፣ የጫኝ አውራጁንና የራሱን ቀንሶ የቀረውን ለገበሬው ይነግረዋል። እነዚህ ደላሎች ሻይ ቤት ተቀምጠው አንድ ዋጋ ላይ ቢስማሙ ሕግ ጥሰዋል፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተወዳዳሪዎች ተመካክረው ዋጋ እንዳይወስኑ ይከለክላል። ክልከላው ቡታጅራ የደረሰው ብዙ አገር ዞሮ ነው።

ከውጭ ጋር ቀድመን ከገባናቸው ውሎች አንዱ ውድድርን የሚዘጋ ነበር። በ1897 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር ተዋውለው የአቢሲኒያ ባንክ ሲቋቋም፣ ባንኩ የብር ኖት የማሳተምና የመንግሥትን ገንዘብ የማስቀመጥ ብቸኛ መብት ለ50 ዓመት ተሰጠው። ዘመኑ ሳይሞላ በ1923 ዓ.ም. መንግሥት ካሳ ከፍሎ ጠቀለለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የንግድ ሕግ ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ጀምሮት ሲሞት የአገሩ ሰው አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሰው። ያ ሕግ “ተገቢ ያልሆነ ውድድር” ሲል ነጋዴ በነጋዴ ላይ የሚሠራውን ተንኮል፣ ስም ማጥፋትንና ደንበኛ ማሳሳትን ማለቱ ነበር። ነጋዴዎች ተባብረው ሸማቹን ቢያስጨንቁ የሚለው ነገር አልነበረውም።

በእኔ ግምት በዚያው በ1950ዎቹ ለመስቃን ገበያ ከዚህ ሕግ የበለጠ የሠራለት መንገዱ ነው። ከዓለምገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው መንገድ እንዲሠራ ሕዝቡ ተደራጅቶ ገንዘብ አዋጣ። በአጋሰስ ለሚጭን ነጋዴ ብቻ ይሸጥ የነበረ ገበሬ የጭነት መኪና ይዞ የሚመጣ ሌላ ገዢ አገኘ። ሁለተኛ ገዢ ከሌለ የውድድር ሕግ ምን ይጠብቃል?

ደርግ ጉዳዩን በሌላ መንገድ ዘጋው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ፤ የገበሬው ኮታ ተተመነ፤ በየመንገዱ ኬላ ቆመ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ኮታው ሲነሣ ነጋዴው ተመልሶ መጣ።

በዓለም መድረክ ደግሞ የውድድር ሕግ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ብዙ ጊዜ ወድቋል። በ1940 ዓ.ም. የተፈረመው የሐቫና ቻርተር ውድድርን ስለሚገድብ የንግድ አሠራር ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነበረው፤ ቻርተሩ ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። የተባበሩት መንግሥታት በ1973 ዓ.ም. ያጸደቃቸው መርሆች የማያስገድዱ ነበሩ። በ1989 ዓ.ም. የዓለም ንግድ ድርጅት ሲንጋፖር ላይ የሥራ ቡድን አቋቋመ፤ ታዳጊ አገሮች አጥብቀው ስለተቃወሙ በ1996 ዓ.ም. ጉዳዩ ከድርድር ጠረጴዛ ተነሣ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የንግድ አሠራር አዋጅ፣ ቁጥር 329ን፣ ያወጣችው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ለዓለም ንግድ ድርጅት የአባልነት ማመልከቻ ያስገባችውም በዚያው ዓመት ነው። ይህ እንዲያው መገጣጠም ብቻ አይመስለኝም።

አዋጅ 685/2002 ቀጠለ፤ ውድድርን ከሸማች ጥበቃ ጋር አጣምሮ ለንግድ ሚኒስቴሩ መሠረታዊ ሸቀጦችን የመተመን ሥልጣንም ሰጠው። መንግሥት የውድድሩን ምዕራፍ ትቶ የተመኑን ገጽ መጀመሪያ ገለጠ። በ2003 ዓ.ም. በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ወጣ፤ ሸቀጡ ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ጣሪያው ዓመቱ ሳያልቅ ከአብዛኛው ላይ ተነሣ። ከዚያ 813 መጣና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ 1263 ባለሥልጣኑ ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገባ። ፈቃድ የሚሰጠው፣ ዋጋ የሚተምነውና ውድድርን የሚዳኘው አንድ ቤት ሆነ። ሕጉን ከውጭ ልንማረው እንችላለን፤ የዳኛውን ነጻነት ግን ማንም አማካሪ ድርጅት በሻንጣ ይዞ አይመጣም።

ከጎረቤት አገሮች ጋር የምንጋራው ዳኛ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ተቀምጧል። የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) የውድድር ኮሚሽን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ከአንድ በላይ አባል አገር የሚነኩ የኩባንያ ውህደቶችን ይመረምራል፤ ኢትዮጵያም የኮሜሳ አባል ናት። ኮሚሽኑ ሲሚንቶና ቢራ የሚያመርቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ድንበር ተሻግረው ሲዋሃዱ ያያል፤ የኩንታል በርበሬ ሚዛን እንዲያይ ማንም አይጠብቅበትም።

የዓለም አቀፍ ትብብር ፍሬ በግልጽ የታየው በቴሌኮም ነው። በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቆመ፤ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በጨረታው አማከረ፤ በ2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ወሰደ፤ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎቱ በይፋ ተጀመረ። እዚህ ተቆጣጣሪው ከሚኒስቴር ጓዳ ወጥቶ ራሱን ችሎ ስለቆመ ተወዳዳሪው ደፍሮ ገባ። በርበሬ የሚሸጥ ገበሬም የአዲስ አበባን ዋጋ ከደላላው አፍ ብቻ እንዳይሰማ ስልኩ ጠቅሞታል፤ የመንገዱን ውለታ የሚስተካከል ነው።

አሁን በሮች እየተከፈቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የውጭ ባለሀብት በጅምላና በችርቻሮ ንግድ እንዲሰማራ ተፈቀደ። የአፍሪካ ኅብረት ለአህጉራዊው ነጻ የንግድ ቀጣና የውድድር ፕሮቶኮል በ2015 ዓ.ም. አጸደቀ። በዚያው ዓመት የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። ነገ አንድ ትልቅ ላኪ መጥቶ የመስቃንንና የማረቆን በርበሬ ጠቅልሎ ቢገዛ፣ ገበሬው ለጊዜው በዋጋው ይደሰት ይሆናል፤ በሦስተኛው ዓመት ሌላ ገዢ ሲያጣ ግን የሚያመለክትበት ደጅ ቡታጅራ ሳይሆን አዲስ አበባ ነው። በወረዳው የሚያውቀው የንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያድሳል፣ ሚዛን ይፈትሻል፣ ዋጋ ያስለጥፋል።