ቁራሽ፣ ደጅና ፍትሕ፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ የአብነት ተማሪዎች

ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚወርደው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር፣ የአብነት ትምህርት፣ ማለትም ከመምህር አፍ በቃል ተቀብለው የሚያጠኑት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ ከንባብና ከዜማ ሌላ አንድ ያልተጻፈ ሥርዓት ነበረው፤ እርሱም ተማሪው ከየመንደሩ ቁራሽ እየለመነ እንዲማር የሚያደርገው ልማድ ነው። ልማዱ ብዙ ጊዜ የችግር ምልክት ብቻ ተደርጎ ቢታይም፣ ወጣቱን ከባላገሩ ጓዳ ጋር የሚያስተዋውቅ የማኅበራዊ ፍትሕ ትምህርትም ነበር።

አካባቢው በሊቃውንት ዘንድ የሚታወቀው በሁለት ምስክር ቤቶች ነው። ምስክር ቤት በሌላ ጉባኤ፣ ማለትም በሌላ የአብነት ትምህርት ቤት፣ የተማረ ሰው ዕውቀቱን አስመዝኖ ለመምህርነት የሚበቃበት ማእከል ሲሆን፣ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ደግሞ ዙር አምባ ስመ ጥር ናቸው። ድጓ ትውፊት ለ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው፣ ዓመቱን ሙሉ በየበዓሉ የሚዜም ድርሰት ነው፤ ዝማሬ በቁርባን ጊዜ፣ መዋሥዕት በሙታን ፍትሐት ይዜማሉ። ይህን ዜማ ፍለጋ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ የሚመጣውን ተማሪ ያኖረው የቤተ መንግሥት ድርጎ ሳይሆን የጋይንት ገበሬ ገብስ ነው።

ተማሪው ከዘመድ ርቆ የሚሄደው ሆን ብሎ ነበር፤ የባለጸጋ ልጅ እንኳ ቢሆን የበግ ቆዳ ደበሎ ለብሶ፣ የቁራሽ መያዣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም»፣ ማለትም «ስለ ማርያም ስም» ይላል። የተረፈውን ቁራሽ ፀሐይ ላይ አድርቆ ኮቸሮ ያደርገዋል፤ በክረምት ወንዝ ሞልቶ መንደር ለመንደር መዞር ሲያቅተው የሚበላው እርሱን ነው። የታመመ ወይም ዓይነ ስውር ጓደኛ ካለው ከለመነው ያካፍላል፤ ለየኔታ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፤ በትምህርት የገፋው ደግሞ ታናሹን ያለ ክፍያ ያስጠናል። ከሁሉ በላይ ግን በየደጁ የቆመ ልጅ የማን ጎተራ እንደ ጎደለ፣ የትኛዋ ባልቴት ከመጨረሻ እንጀራዋ ገምሳ እንደ ሰጠች፣ የትኛውስ ባለ ብዙ ከብት በሩን እንደ ዘጋ ያውቃል፤ ይህን ዕውቀት የትኛውም መጽሐፍ አይተካውም።

ሆኖም ርኅራኄ በፍትሕ ቦታ ሊቆም አይችልም። ቁራሹን የሚሰጠው ገበሬ በዚያው ጊዜ ገባር ነበር፤ ጉልት፣ ማለትም ከመሬቱ ግብር የመቀበል መብት፣ ከመኳንንቱ ጋር ለአድባራትም ተሰጥቶ ስለ ነበር፣ ጉባኤው ስለ ምጽዋት አብዝቶ ሲያስተምር ስለ ግብሩ ልክ የጠየቀበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሴቶች ልጆችም፣ እናቶቻቸው ተማሪውን እየመገቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጉባኤው ውጭ ቀርተዋል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬውን ከግብሩ ነጻ ሲያወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያን መሬት ይተዳደሩ የነበሩ መምህራንን ያለ መተዳደሪያ አስቀራቸው፤ ሸክሙም ድርቅ ወደሚደጋገምበት ወደዚያው ገበሬ ጓዳ ተመለሰ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ውስጥ መካተታቸው የዚያን ጓዳ ልክ ያሳያል።

በከተማ የተማረው ወጣት ደሃውን ለማየት ሌላ መንገድ ሄዷል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለማኞች በአዲስ አበባ ሾላ በሚባለው ካምፕ መታጎራቸውን ተቃውመው ሰልፍ የወጡት ከየትኛውም ጉባኤ ተልከው አልነበረም። ሃይማኖትና የደሃ ጉዳይ በወጣቱ ልብ እንደገና የተገናኙባቸው መድረኮች በኋላ መጡ፤ ከእነዚህም አንዱ የሸዋው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ገዳም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በክረምት ይሰጡት የነበረው ሥልጠና ነው። ከሠለጠኑት ብዙዎቹ በ1984 ዓ.ም. በተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን ውስጥ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ አባላት ሆኑ፤ ማኅበሩም የተራቆቱ የአብነት ጉባኤያትን መደገፍን ከተግባሮቹ አንዱ አደረገ። በዚህ መንገድ መሐንዲሱና ሐኪሙ አያቶቻቸው የቆሙበትን ደጅ አገኙት፤ ልዩነቱ ይዘው የሚሄዱት ባዶ አኩፋዳ ሳይሆን ሙያቸው መሆኑ ነው። ድጋፉ ለተማሪው ቀለብና ማደሪያ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሐኪሙ ተማሪውን ሲያክም ቁራሽ የሰጠችውን ባልቴትም ካላከመ፣ መሐንዲሱም ውኃውን እስከ ጉባኤው አድርሶ ከመንደሩ በፊት ካቆመው፣ ለጋይንት ገበሬ ያለው ዕዳ ገና አልተከፈለም።