የማይሰማው መዋዠቅ፦ ቫልቭ የተቀየረላቸው የልብ ሕሙማን በወልቂጤና በቡታጅራ

የብረት ቫልቭ የተተከለለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ከአዲስ ድምፅ ጋር መኖር ይጀምራል። ቫልቩ ሲዘጋ የሚያሰማው ቀጭን ድምፅ ጸጥ ባለ ሌሊት አጠገቡ ለተኛ ሰው ጭምር ይሰማል። ትርታው አንዴ ሲዘል ወይም ሲደራረብ ሕመምተኛው በጆሮው ይከተለዋል፤ ጭንቀቱንም ሁሉ እዚያ ላይ ያውላል። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ለሚኖር እንዲህ ላለ ሰው ይበልጥ የሚያሰጋው የማይሰማው ነገር፣ ማለትም የደም ቅጥነቱ መዋዠቅ መሆኑን ነው። መዋዠቁን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ደግሞ የአካባቢው ዓመት ራሱ ነው፦ ጾሙ፣ ፍስኩ፣ የመስቀል ጉዞው፣ ከበዓል ማግሥት የሚዋጠው የሆድ መድኃኒት።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ቀናት ትርታ መዛባቱ እንግዳ ነገር አይደለም። የቫልቭ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሰዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ፣ በተለይ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይገጥማቸዋል። የልብ የላይኛው ክፍል በሥርዓት መኮማተሩን ትቶ ይርገበገባል፤ ምቱም ይፈጥናል፣ ይዘበራረቃል። የልብ ሽፋን መቆጣት፣ የፖታሲየምና የማግኒዚየም ማነስ ያባብሱታል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይረጋጋል። በእኛ አገር ግን ወጣቶችን ለቫልቭ ቀዶ ሕክምና የሚዳርገው ዋናው በሽታ በልጅነት የጉሮሮ ቁስለት የሚጀምረው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። የጠበበ ሚትራል ቫልቭ ለዓመታት የግራውን የላይኛ ክፍል ይለጥጠዋል፤ ጡንቻው ውስጥም ጠባሳ ይሠራል። ቀዶ ሐኪሙ በሩን ይቀይራል፤ ግድግዳው ግን የድሮው ነው። ብዙዎች ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረባቸውን መዛባት ይዘው የሚቀጥሉት፣ ሌሎችም ከዓመታት በኋላ የሚያገኛቸው ለዚህ ነው።

የችግሩ ስፋት ባልተሟላ መልክም ቢሆን ይታወቃል። በስድስት የኢትዮጵያ ክልሎች የሚገኙ ተማሪዎች በልብ አልትራሳውንድ ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት ከ1000 ተማሪዎች 19 ያህሉ ሩማቲክ የልብ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን 3343 ሕሙማንን የመዘገበው ሬሜዲ የተባለው ጥናት ደግሞ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን እንዳለበት አግኝቷል። ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ28 ዓመት አይበልጥም ነበር። ከዚህ ጥናት ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ ሌላ ቁጥር ነው። ደም ማቅጠኛ ከሚወስዱት ውስጥ የደማቸው ቅጥነት በሚፈለገው ልክ ላይ የተገኘው 28.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ ተገኝቷል፣ ተውጧልም፤ ልኩ ግን አልተገኘም።

ስለ ትርታው ሕክምና ባጭሩ ልለፍ። የላይኛው ክፍል እጅግ በተለጠጠበት ልብ ትርታውን ወደ ቀድሞ ሥርዓቱ ለመመለስ መታገል ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ፍጥነቱን መግታት ይበቃል። ለዚህ ሜቶፕሮሎልና ዲጎክሲን ያገለግላሉ። ዲጎክሲን ከሚያሸናው መድኃኒት ከላሲክስ ጋር ሲወሰድ ፖታሲየም መለካት ያስፈልጋል፤ ላሲክስ ፖታሲየምን አጥቦ ያወጣል፣ ያን ጊዜ ዲጎክሲን ራሱ ትርታን ያዛባል። ትርታ የሚያስተካክለው አሚዮዳሮን የታዘዘለት ሰው የደም ማቅጠኛው የዋርፋሪን መጠን መቀነስ ይኖርበታል።

ዋናው ነገር ዋርፋሪን ነው። ምርመራ የማይጠይቁት አዳዲስ ደም ማቅጠኛዎች ለገጠርና ለትናንሽ ከተሞች መፍትሔ ይሆናሉ ተብሎ ነበር። ተስፋው ሁለቴ ተሰናክሏል። ዳቢጋትራን ለብረት ቫልቭ የተሞከረበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት የደም መርጋትም መድማትም በመብዛቱ ተቋርጧል። በ2022 የታተመውና በ24 አገሮች የተካሄደው ኢንቪክተስ ጥናት ደግሞ ሩማቲክ የልብ ሕመምና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ባላቸው ሰዎች ላይ ሪቫሮክሳባንን ከዋርፋሪንና ከመሰሎቹ ጋር አነጻጸረ፤ በነባሮቹ መድኃኒቶች የቆዩት ሞታቸው አነስ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ ኢኤንአር ከሚባለው የደም ቅጥነት ምርመራ ማምለጫ የለም። ሚትራል ላይ የብረት ቫልቭ ላለው ሰው ውጤቱ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። ከዚያ ሲወርድ ደሙ ቫልቩ ላይ ወይም በሚርገበገበው ክፍል ውስጥ ረግቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፤ ሲያልፍ ደግሞ መድማት ይመጣል።

የጉራጌ ዓመት እዚህ ላይ ይገባል። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመቃወም ነው፤ ቫይታሚኑ ደግሞ በጎመን ውስጥ እጅግ ብዙ ነው። ቆጮ በአብዛኛው ስታርች ስለሆነ ሕመምተኛውን አያስፈራውም፤ አብሮት የሚቀርበው ጎመን ግን መጠኑ ሲለዋወጥ ኢኤንአሩን ይዞት ይሄዳል። በሁዳዴ ጎመን በየቀኑ ከሚበላበት ቤት በፋሲካ ማግሥት ጎመኑ ጠፍቶ ሥጋው ይተካል። በጾሙ መጨረሻ ልክ የነበረው የዋርፋሪን መጠን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊበዛ ይችላል። በመስከረም ተቃራኒው ይታያል፦ በመስቀል ሰሞን የጎመን ክትፎ በየቤቱ ሲዞር ኢኤንአር ይወርዳል። ለሕሙማን የሚነገረው «ጎመን ክልክል ነው» የሚለው ምክር በዚህ አገር የማይፈጸም ነው፤ ሳይንሱም አይደግፈውም። የሚበጀው ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ግን ያልተቋረጠ ጎመን መብላት ነው፤ የአመጋገብ ለውጥ ሲመጣም አስቀድሞ መመርመር።

ከምግቡ የባሰው ግን ከምግቡ በኋላ የሚመጣው ነው። ከበዓል ሥጋ በኋላ ሆዱን የታመመ ሰው «አሜባ ነው» ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ይዞ ይመለሳል። ይህ መድኃኒት ዋርፋሪን ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚያግድ ኢኤንአርን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽቅብ ይሰደዋል። ባክትሪም የሚባለው ፀረ ባክቴሪያም እንዲሁ ነው። ለወገብ ሕመም የሚወጋው ዳይክሎፌናክ ጨጓራን በማድማት አደጋውን ይጨምራል፤ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ግን በተቃራኒው ዋርፋሪኑን ያከሽፈዋል። ስለ ዋግምትና ስለ መበጣት፣ እንጥል ስለ ማስቆረጥም፣ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ደሙ ለቀጠነ ሰው ሦስቱም ለሕይወት ያሰጋሉ። ጤና ባለሙያው በየቀጠሮው «ሌላ ምን ወሰድክ?» ብሎ መጠየቁ ከብዙ ትምህርት ይበልጣል። ሙስሊም ሕሙማንን በተመለከተ ረመዳን ራሱ ያን ያህል አያስቸግርም፤ ዋርፋሪን በቀን አንዴ፣ ማታ ሊወሰድ ስለሚችል ከኢፍጣር በኋላ ይመቻል። ቀን የሚዋጡት ላሲክስና ሜቶፕሮሎል ግን ጾሙ ሳይገባ ከሐኪም ጋር መስተካከል አለባቸው።

ስለ ጫትም ሳይነሳ አይታለፍም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ከቡታጅራ የታተመ ጥናት ከአዋቂዎቹ ግማሽ ያህሉ እንደሚቅሙ አሳይቷል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ፍጥነቱ በመድኃኒት ለተገታ ልብ ሁለቱም አይበጁም። አረቄም ትርታን ያዛባል። ቡና ግን በልክ ከሆነ እንደሚፈራው አይደለም።

ከዓመቱ ዑደት ውጭ ሴቶች ላይ የሚጨመር ሌላ ክብደት አለ። ዋርፋሪን ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው የእርግዝና ሳምንት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ፈርታ በራሷ ያቋረጠች እናት ደግሞ ቫልቯ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። በሬሜዲ ጥናት በመውለጃ ዕድሜ ከነበሩት ሴቶች የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት 3.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። እርግዝና ከማሰብ በፊት የሚደረግ ምክክር እንደ ኢኤንአሩ ሁሉ የክትትሉ አካል መሆን ይገባዋል።

ክትትሉ የት ይደረግ? የልብ ቀዶ ሕክምናው በዋናነት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ዶ/ር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃም ማዕከሉን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ወልቂጤ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዛሬ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ያለችው ቡታጅራ ደግሞ በሆሳዕና መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው የጉራጌ ቤተሰብ ጥቂት ስለሆነ ለአንድ ቀጠሮ ማደሪያ አይጠፋም። ይሁንና በወር አንዴ ለአንድ ጠብታ ደም ምርመራ ይህን መንገድ መመላለስ ገንዘብም ጉልበትም ይጨርሳል፤ ቀጠሮው የሚሰረዘውም ምርመራው በጣም በሚያስፈልግበት በበዓል ሰሞን ነው። ከጣት በተወሰደ ደም ኢኤንአር የሚለካው ትንሽ መሣሪያ በሁለቱም ከተሞች ሊቀመጥ፣ በሠለጠነ ነርስ ሊሠራ፣ ውጤቱም በስልክ ለሐኪሙ ሊደርስ ይችላል።

ቡታጅራ ለዚህ የተለየ ብልጫ አላት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው የገጠር ጤና ፕሮግራም በአሥር ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየተዞረ ልደትና ሞት የተመዘገበበት፣ የአእምሮ ጤናን ጨምሮ ብዙ ጥናት የወጣበት ነው። ከዚህ ልምድ ተነስቶ ጥናት ቢደረግ፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ አንድ ቫልቭ የተቀየረለት ሰው በሁዳዴ መጨረሻ ሳምንት ያለው ኢኤንአር ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ ካለው በስንት ይለያል? ከመስቀል በፊትና በኋላስ?